ወረቀት አጥፎ የፕሮቲንን ቅርጽ ያገኘው ላይነስ ፖሊንግ

መርጃ መሣሪያ ሲባል ብዙዎቻችን ለሕፃናት ብቻ የሚያስፈልግ ይመስለናል። ለመሆኑ ሊቃውንትስ አይፈልጉትም? የላይነስ ፖሊንግ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ይሰጣል። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፖሊንግ በ1901 በአሜሪካ፣ በፖርትላንድ ከተማ ተወለደ። መድኃኒት ቀማሚ የነበረው አባቱ የሞተበት ገና በ9 ዓመቱ ነው። እናቱ ሦስት ልጆች ይዛ ስለ ተቸገረች እየሠራ ተማረ። የኦሪገን እርሻ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ ገንዘብ አጥሮት ትምህርቱን ቢያቋርጥ፣ በ1919 ኮሌጁ ራሱ ኬሚስትሪ እንዲያስተምር ቀጠረው። እንግዲህ ዲግሪ ሳይዝ በ18 ዓመቱ መምህር ሆነ ማለት ነው። ዶክትሬቱን በ1925 ከካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አገኘ።

ጸጉራችንም ጡንቻችንም የተሠራው ከፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ደግሞ አሚኖ አሲዶች እንደ ዶቃ ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ እንዴት ይጠመዘዛል? ይሄ ጥያቄ ብዙዎችን አስቸግሯል። ፖሊንግና የሥራ ባልደረባው ሮበርት ኮሪ የትናንሽ ሞለኪውሎችን ርዝመትና ማዕዘን በራጅ ለዓመታት ለኩ። አሚኖ አሲዶቹ የሚያያዙበት መገጣጠሚያ ጠፍጣፋ እንደሆነና እንደልብ እንደማይዞርም አረጋገጡ።

በ1948 ፖሊንግ ለማስተማር እንግሊዝ አገር፣ ኦክስፎርድ ሄዶ ጉንፋን ያዘውና አልጋ ላይ ዋለ። ሥራ ሲፈታ ጊዜ ሰንሰለቱን ወረቀት ላይ ሣለ፤ መዞር በሚችልባቸው ቦታዎች ብቻ እያጠፈ ጠቀለለው። ሃይድሮጅኖቹ ከላይ ካለው ዙር ኦክስጅን ጋር ሲገጥሙ አንድ ጥምዝምዝ ቅርጽ እጁ ላይ ወጣ። ይህ ቅርጽ ዛሬ አልፋ ሄሊክስ ይባላል።

ሆኖም አንድ ችግር ነበር። በወረቀቱ ስሌት አንዱ ዙር ወደ 5.4 አንግስትሮም ሲሆን የጸጉር ራጅ ግን 5.1 ያሳያል። አንግስትሮም የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነውና ልዩነቱ ከምንም አይቆጠርም ማለት ይቻል ነበር። እሱ ግን አላለም፤ ሥራውን ይዞ ቆየ። ከኮሪና ከሔርማን ብራንሰን ጋር ያሳተመው በ1951 ነው። በጸጉር ውስጥ ጥምዝምዞቹ እርስ በርሳቸው እንደ ገመድ ስለሚገመዱ ልዩነቱ እንደመጣ ኋላ ታወቀ።

ይኸው ሰው በ1953 መጀመሪያ ላይ ሌላ ሞዴል አወጣ፤ የዲ.ኤን.ኤ.ን። በዚህኛው ግን በቂ የራጅ ሥዕል ሳይዝ ቸኮለ። ሦስት ገመድ አድርጎት የፎስፌት ክፍሎቹን መሐል አስገባቸው፤ ስህተት ሆነ። በዚያው ዓመት ዋትሰንና ክሪክ ትክክለኛውን ባለሁለት ገመድ ሞዴል አቀረቡ።

ፖሊንግ በ1954 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት፣ የኑክሊየር ሙከራን ስለ ተቃወመ ደግሞ የ1962ን የሰላም ኖቤል ተሸለመ። ያረፈው በ1994፣ በ93 ዓመቱ ነው። እሱና ኮሪ ያሠሯቸው የአቶም ሞዴሎች መጀመሪያ ከእንጨት ነበሩ፤ ኋላ በፕላስቲክ ተተኩ። ዛሬ ኮምፒዩተር የያዘው የፕሮቲን ቅርጽ በማተሚያ መሣሪያ ፕላስቲክ ሆኖ ታትሞ በተማሪ እጅ ይዳሰሳል።

እጩ መምህራን፣ የፖሊንግ ወረቀት ዋጋው ሳንቲም አይሞላም ነበር። ያስከበረው በውስጡ የነበረው ልክ ነው። ልክ ሲጎድልበት የዚያው ሊቅ ሞዴል ወደቀ። እኛም በካርቶን ይሁን በጭቃ መርጃ መሣሪያ ስንሠራ ውበቱን ከማየታችን በፊት የትኛውን እውነት እንደያዘና የትኛውን እንደተወ እንጠይቅ፤ ለተማሪዎቻችንም እንንገራቸው።