ከተጠባባቂ ወንበር የተነሳው አዛዥ

ዩሪ ጋጋሪን ማነው ቢባል የማይመልስ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ጆርጂ ዶብሮቮልስኪ ቢባልስ? ምድርን በሚዞር የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ገብቶ የኖረውን የመጀመሪያውን ቡድን የመራው እሱ ነው።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1928 በጥቁር ባሕር ዳር ባለችው በኦዴሳ ነው። የወደብ ልጅ ስለሆነ ምኞቱ መርከበኛ መሆን ነበር። ጦርነቱ ግን ሌላ ነገር አመጣ። ከተማዋ በሮማኒያ ጦር እጅ ሳለች አሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላው መሣሪያ ተገኝቶበት ታሰረ፤ 25 ዓመት ከባድ የጉልበት ሥራም ተፈረደበት። ደግነቱ በዚያው በ1944 ወጣ። የባሕሩ ነገር ሳይሳካለት ቀርቶ ተዋጊ አብራሪ ሆነ፤ በ1963 ከጠፈርተኞች ጋር ተቀላቀለ። ከዚያ ስምንት ዓመት መጠበቅ ብቻ!

ሳልዩት 1 የተባለው ጣቢያ ሚያዝያ 1971 ወደ ጠፈር ተላከ። መጀመሪያ የሄደው ቡድን በሩ ድረስ ደርሶ መግባት አቅቶት ተመለሰ። ቀጥሎ ተረኛው የነሊዮኖቭ ቡድን ነበር። ታዲያ ጉዞው ጥቂት ቀን ሲቀረው ሐኪሞች የኩባሶቭን ሳንባ በራጅ ሲያዩ አንዲት ነጥብ አገኙ። ሳንባ ነቀርሳ ይሆናል ተብሎ ሦስቱም ተቀየሩ። በኳስ ቋንቋ ልናገርና ዶብሮቮልስኪ፣ ቮልኮቭና ፓትሳዬቭ ከተጠባባቂ ወንበር ተነስተው ገቡ።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 1971 በሶዩዝ 11 ተነሱ፤ በማግስቱ ጣቢያው ውስጥ ነበሩ። ፓትሳዬቭ 38ኛ ልደቱን እዚያው አከበረ። አንድ ቀን ደግሞ ጭስ ተነስቶ አስደነገጣቸው። የሶቪየት ሕዝብ በቴሌቪዥን እያየ ወደዳቸው።

ከ23 ቀን በላይ ቆይተው ሲመለሱ መንኮራኩሯ ክፍሎቿን ስትለያይ አንድ የአየር ቫልቭ ያለጊዜው ተከፈተ። ከፍታው 168 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። የአምቦ ውሃ ክዳን ሲነሳ ጋዙ እንዴት ፉሽ ብሎ እንደሚወጣ እኛ እዚህ ያለን በደንብ እናውቃለን። የነሱም አየር እንደዚያው አመለጠ። ቫልቩ በእጅ ይዘጋል፤ ግን ለመዝጋት የሚፈጀው ጊዜ አየሩ ከሚያልቅበት ይረዝም ነበር። ሦስት ሰው በጠባቡ ክፍል እንዲገባ ሲባል የጠፈር ልብስ አልለበሱም።

ጃንጥላው በትክክል ተዘረጋ፤ መንኮራኩሯም ካዛክስታን ላይ በሰላም አረፈች። ነፍስ አድን ሠራተኞች በሩን ሲከፍቱ ሦስቱም ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ትንፋሻቸውን ለመመለስ ቢጥሩም አልሆነም። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 23 ቀን 1963 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ዶብሮቮልስኪ ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች ነበሩት።

እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪ እኔን የከነከነኝ ግን ዜናው ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በቴሌቪዥን ያሳያቸው መንግሥት ሞታቸውን ወዲያው ቢናገርም የቫልቩን ዝርዝር ለሕዝብ ሳይገልጽ ብዙ ቆየ።

የኩባሶቭ ነጥብስ? አለርጂ ሆና ተገኘች። እሱና ሊዮኖቭ በ1975 አብረው ወደ ጠፈር ሲወጡ፣ ከነዶብሮቮልስኪ ሞት በኋላ ግዴታ የሆነውን ልብስ ለብሰው ነበር።