የሄንሪ ሮይስ ሕይወትና የስሙ ዕጣ

ከመቃብር በላይ ስም ይውላል ይላሉ አባቶቻችን። ነገር ግን ስም ባለቤቱ ከሞተ በኋላ ሊሸጥና ሊገዛ፥ ከአንዱም አገር ወደ ሌላው ሊሻገር እንደሚችል ብዙዎቻችን አላሰብን ይሆናል። የሄንሪ ሮይስ ስም የደረሰበት ዕጣ ይህ ነው። ሮልስ ሮይስ የተባለው አውቶሞቢል የእንግሊዝ አገር ኩራት ሆኖ ሲኖር ቈይቶ ዛሬ ባለቤቱ የጀርመን ኩባንያ ነው። እንግዲህ መኪናው አሁንም እንግሊዛዊ ነውን? መልሱን ለማግኘት የሰውየውን ሕይወት ከመነሻው መመልከት ይሻላል። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሄንሪ ሮይስ በ1863 ዓ.ም. በፒተርቦሮ ከተማ አጠገብ አልዋልተን በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ባለወፍጮ ነበር፤ ሥራው ስላልተሳካለት ግን ቤተ ሰቡ በድህነት ላይ ወደቀ። ሄንሪ የ9 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞተ። ስለዚህም ሌሎች ልጆች ደብተር በሚይዙበት ዕድሜ እርሱ ጋዜጣ እየሸጠ፥ በኋላም ቴሌግራም እያደለ እንጀራውን ፈለገ። ትምህርት ቤት የተቀመጠበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነበር።

ዕድሜው ከፍ ሲል አክስቱ አዝናለት በዓመት 20 ፓውንድ እየከፈለች በፒተርቦሮ በባቡር ፋብሪካ ውስጥ ሙያ እንዲማር አስገባችው። ሦስት ዓመት ያህል እንደ ተማረ የአክስቱ ገንዘብ አለቀና ትምህርቱን ሳይፈጽም ወጣ። ተስፋ ግን አልቈረጠም። ሊድስ ሄዶ በመሣሪያ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ቀጥሎም ያን ጊዜ አዲስ ጥበብ የነበረውን የኤሌክትሪክ መብራት ሥራ ያዘ። በ1884 ዓ.ም. እርሱ ያጠራቀማትን 20 ፓውንድ፥ ጓደኛው ኧርነስት ክሌርሞንት ደግሞ 50 ፓውንድ አዋጥተው በማንቸስተር ከተማ አነስተኛ ፋብሪካ ከፈቱ። የኤሌክትሪክ ደወል፥ ዲናሞና ዕቃ ማንሻ ክሬን እየሠሩ ስም አተረፉ።

አሁን ወደ አውቶሞቢሉ እንድረስ። ሮይስ ደኮቪል የሚባል የፈረንሳይ መኪና ገዛ፤ አሮጌ ነበር። ጩኸቱና ብልሽቱ አላስደስተው ስላለ ፈታትቶ መረመረውና ከዚህ የተሻለ እሠራለሁ ብሎ ተነሣ። የመጀመሪያው መኪናው በ1904 ዓ.ም. አፕሪል 1 ቀን ከፋብሪካው ወጣ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የእንግሊዝ ኩራት የተባለው ሥራ የተጀመረው ከባዕድ አገር ዕቃ በመማር ነው።

በዚያው ዘመን ቻርልስ ሮልስ የሚባል የመኳንንት ልጅ በሎንዶን የውጭ አገር አውቶሞቢሎችን ይሸጥ ነበር። ከእነዚያ ጋር የሚወዳደር የአገሩ ሥራ በማጣቱ ይቈጭ ነበር። በ1904 ዓ.ም. ሜይ 4 ቀን ሁለቱ በማንቸስተር በሚድላንድ ሆቴል ተገናኙ። ሮልስም መኪናውን ካየ በኋላ የተሠራውን ሁሉ ሊሸጥ ተስማማ። ያ ጋዜጣ ሻጭና ይህ የጌታ ልጅ ስማቸውን አጣመሩ።

በ1907 ዓ.ም. ብርማው መንፈስ የተባለው መኪናቸው በሎንዶንና በግላስጎ መካከል እየተመላለሰ ተፈተነ። 629 ማይል እንደ ሄደ የቤንዚኑ ቧንቧ መዝጊያ በመንቀጥቀጡ ምክንያት ተዘግቶ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ግን በብልሽት ሳይቆም 14,371 ማይል ተጓዘ። በዘመኑ መኪና በየመንገዱ የሚበላሽ ነገር ነበርና ይህ ታላቅ ድንቅ ሆነ። በ1908 ዓ.ም. በደርቢ ከተማ ሰፊ ፋብሪካ ተከፈተ። በ1910 ዓ.ም. ግን ሮልስ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

ሮይስም ቢሆን በሥራ ብዛት ምግቡን እስከ መርሳት ይደርስ ስለ ነበር በ1911 ዓ.ም. በብርቱ ታመመ። ከዚያ በኋላ ክረምቱን በደቡብ ፈረንሳይ፥ በጋውን በእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ እየኖረ ንድፉን ወደ ደርቢ ይልክ ነበር። በ1921 ዓ.ም. ደግሞ ኩባንያው በአሜሪካ በስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ ከፈተ፤ ከደርቢ የተላኩ ባለሙያዎችም ሥራውን አስተማሩ። በ10 ዓመት ውስጥ ወደ 3,000 የሚጠጉ መኪናዎች ተሠሩበት። ሮይስ ለአውሮፕላንም ሞተር ሠርቷል፤ በ1919 ዓ.ም. አልኮክና ብራውን አትላንቲክን ያለ ማቋረጥ የተሻገሩት በእርሱ ሞተሮች ነው። በ1930 ዓ.ም. የባሮኔትነት ማዕርግ ተሰጠው፤ በ1933 ዓ.ም. አፕሪል 22 ቀን በዌስት ዊተሪንግ በቤቱ ሞተ።

ከሞቱ በኋላ ስሙ ብዙ ዘመን ከበረ። ነገር ግን በ1971 ዓ.ም. ኩባንያው ለአንድ አዲስ የጄት ሞተር ያወጣው ወጪ ከዐቅሙ በላይ ሆነና ከሠረ። መንግሥት ደግፎ አቆመው፤ የመኪናው ክፍልም ከአውሮፕላን ሞተሩ ተለየ። በ1998 ዓ.ም. የመኪናው ክፍል ሲሸጥ ነገሩ አስገራሚ ሆነ። ፎልክስዋገን የክሩውን ፋብሪካ በ430 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ፤ ስሙ ግን በአውሮፕላን ሞተር ኩባንያው እጅ ስለ ነበር ቢኤምደብልዩ በ40 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደው። ቤቱ ለአንዱ፥ ስሙ ለሌላው ሆነ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮም ቢኤምደብልዩ ከሮይስ የመጨረሻ መኖሪያ ብዙ በማይርቀው በጉድውድ አዲስ ፋብሪካ ሠርቶ መኪናውን ማውጣት ያዘ።

መኪናው ከእንግዲህ እንግሊዛዊ አይደለም የሚሉ ሰዎች ትርፉ ወደ ሙኒክ ይሄዳል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ነው የሚሉትም ቆዳው የሚሰፋው፥ እንጨቱ የሚለሰልሰው፥ ቀለሙ የሚቀባው በእንግሊዝ ምድር ነው ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። እኔ ግን ከሮይስ ሕይወት የተረዳሁት ሌላ ነው። ሥራው ከፈረንሳይ መኪና ተማረ፥ በፈረንሳይ ምድር ተነደፈ፥ በአሜሪካም ተሠራ፤ ሆኖም እንግሊዛዊነቱ አልጠፋም። መጠኑን ያወጣው፥ ይህ ይበቃል ይህ አይበቃም ብሎ የሚፈርደው የአገሩ ባለሙያ ነበርና። ዛሬም እጁ የእንግሊዝ ነው፤ የመጨረሻው ፍርድ ግን በሙኒክ ነው። ያን ፍርድ ባዕድ በጉልበት አልቀማቸውም፤ የራሳቸው ሒሳብ ስለ ጐደለ ከእጃቸው ወጣ።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ከውጭ መማርን አንፈር፤ ሮይስ አላፈረም። የአገራችንን ስም የያዘ ሥራ ከእጃችን እንዳይወጣ ከወደድን ግን ሙያውንም ሒሳቡንም አብረን እንማር። ሮይስ ማዕርግ ካገኘ በኋላ እንኳ መካኒክ መባልን ይወድ ነበር ይባላል። ስሙን ገንዘብ ያለው ገዛው፤ ሙያውን ግን እስከ ዛሬ ተምሮ ካልሆነ በቀር ገዝቶ የወሰደው የለም።