የቁልቋልን ስም ባሕር ያሻገረው መንገደኛ

ለደብረ ወርቅ፣ ለቢቸናና ለሞጣ ገበሬ ቁልቋል እንግዳ ዛፍ አይደለም። ዛፉን ከአገርኛ ስሙ ጋር በአውሮፓ በሰፊው ያሳወቀው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው።

ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1730 ኪናርድ በተባለ ስፍራ ተወለደ። በአልጀርስ የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ ከሠራ በኋላ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ተነሣ። በ1769 ምጽዋ ገባ፤ በማግሥቱ ዓመት ጎንደር ደረሰ። በቤተ መንግሥት ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች በማከሙ በእቴጌ ምንትዋብ ዘንድ ተወደደ። በ1770 ጎጃም ተሻግሮ ግሽ ዓባይን አየ።

በመንገዱ ያገኛቸውን ዕፅዋት ሕዝቡ በሚጠራቸው ስም መዘገበ፤ ዋንዛ፣ ቀንጠፋ፣ ኮሶና ጤፍ ከእነዚህ ይገኛሉ። የቁልቋልን ቅርንጫፍ በጎራዴ ቢቆርጥ ወተቱ ብረቱ ላይ የማይለቅ እድፍ ተወበት። ቆዳ ፋቂዎች በዚህ ወተት ጠጉር እንደሚያነሡም ጻፈ።

አምስት ቅጽ ያለው መጽሐፉ በ1790 ታተመ። በዓመቱ ጀርመናዊው ሊቅ ግሜሊን ለዛፉ ዩፎርቢያ አቢሲኒካ የሚል ስም ሰጠው፤ የአገራችን ስም በዚህ ተያያዘበት። በአሜሪካና በሜክሲኮ በረሃ የሚበቅለው ባለ ቅርንጫፍ ግዙፍ ተክል፣ ሳዋሮ፣ ቁልቋልን ይመስላል እንጂ ዘመዱ አይደለም። የእርሱ ሳይንሳዊ ስም የተወሰደው ለምርምር ገንዘብ ከሰጠው ባለጠጋ፣ ከአንድሩ ካርኔጊ ነው።

ብሩስ ለዕፅዋቱ ስም የተጠነቀቀውን ያህል ለሰው ስም አልተጠነቀቀም። ዕፅዋቱን የሣለለት ጣሊያናዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ፤ ብሩስ ግን ድካሙን በመጽሐፉ አላወሳለትም። ፔድሮ ፓኤዝ ከ150 ዓመት በፊት ያየውን ምንጭም መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ አለ። ለንደን በበኩሏ እውነቱን ሳይቀር ተጠራጠረችው። በ1794 ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ።

ከሥራው ለግብርና ባለሙያ የሚተርፈው ተክልን ከአገርኛ ስሙና ከጥቅሙ ጋር መመዝገብ ነው፤ ያስረዳውን ገበሬ ስም መጨመር ደግሞ ብሩስ ያጎደለውን መሙላት ነው። ገበሬውም አጥሩን ሲከረክም ከወተቱ ዓይኑን ይጠብቅ፤ ከነካው ሳያሽ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ታጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።