ፖል ላውተርበር፦ ከጉበት ዕጢ ናሙና ወደ ምስል

በጉበት ላይ የታየ ነገር ካንሰር ይሁን፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ወይስ ጉዳት የማያስከትል የደም ሥር እብጠት፣ ገላ ሳይቀደድ በመለየት ረገድ ኤም አር አይን የሚስተካከሉ መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው። ለዚህ መሠረት የጣሉት ፖል ላውተርበር ሐኪም ሳይሆኑ ኬሚስት ነበሩ።

ላውተርበር በ1929 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ ሲድኒ ከተማ ተወለዱ። በ1951 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አግኝተው በፒትስበርግ ሜሎን ኢንስቲትዩት ተቀጠሩ። ለውትድርና በተጠሩ ጊዜም በጦሩ የሕክምና ላቦራቶሪዎች በኒውክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ መሣሪያ ሠሩ። በ1962 ከፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ተቀብለው በማግስቱ ዓመት በኒው ዮርክ ግዛት ወደሚገኘው ስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ።

የታሪኩ መነሻ ጉበት መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሬይመንድ ዳማዲያን በመጋቢት 1971 ባሳተሙት ጥናት ከመረመሯቸው ሁለት የአይጥ ዕጢዎች አንዱ ኖቪኮፍ ሄፓቶማ የተባለው የጉበት ዕጢ ነበር። በዕጢው ውስጥ ያሉ የውሃ ሃይድሮጂኖች በሬዲዮ ሞገድ ከተነቃቁ በኋላ ወደ እርጋታቸው ለመመለስ ከጤናማው ሕብረ ሕዋስ የበለጠ ጊዜ ይወስዱ ነበር። በዚያው ዓመት በጋ ላውተርበር ኒው ኬንሲንግተን በሚገኝ የመሣሪያ ኩባንያ ሳሉ አንድ ተመራማሪ ይህንኑ ልኬት ሲደግም ተመለከቱ። ውጤቱ እውነት መሆኑን አልተጠራጠሩም፤ ያልተዋጠላቸው መንገዱ ነበር። አይጡ ታርዶ፣ ሥጋው ተቆርጦ በመስታወት ቱቦ ከተለካ፣ ያንኑ ናሙና በማይክሮስኮፕ ማየት ምን ይጎድለዋል? የሚያስፈልገው ምልክቱ ከየትኛው የገላ ክፍል እንደመጣ ከውጭ ሆኖ ማወቅ ነበር።

መልሱ መስከረም 2 ቀን 1971 ማታ፣ ሃምበርገር ሲበሉ መጣላቸው። የሃይድሮጂን ኒውክሊየስ የሚመልሰው ድግግሞሽ በማግኔቱ ኃይል መጠን ይወሰናል፤ ስለዚህ ማግኔቱ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ቀስ በቀስ እንዲበረታ ቢደረግ፣ ድግግሞሹ ራሱ ቦታን ይናገራል። ማስታወሻ ደብተር ገዝተው ሐሳቡን በዚያው ሌሊት መዘገቡ። ግራዲየንት የሚባለው ይህ የማግኔት ልዩነት ዛሬም በእያንዳንዱ የኤም አር አይ ማሽን ውስጥ አለ።

የመጀመሪያው ምስላቸው በከባድ ውሃ መካከል የተቀመጡ፣ የውስጥ ስፋታቸው 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ሁለት ተራ ውሃ የያዙ ቱቦዎችን የሚያሳይ ነበር። ኔቸር መጽሔት ጽሑፉን መጀመሪያ ውድቅ አደረገው፤ ላውተርበር ግን ተከራክረው መጋቢት 16 ቀን 1973 አሳተሙት። ዘዴውን ዙግማቶግራፊ አሉት፤ የቃሉ ሥር በግሪክኛ መጣመርን ያመለክታል። ማግኔትንና የሬዲዮ ሞገድን እንደ ሁለት በሬዎች ጠምደዋልና ስያሜው ተስማሚ ነበር፤ ለአፍ ስለሚከብድ ይመስላል አልዘለቀም። ዩኒቨርሲቲያቸውም ፓተንት ለማውጣት ፈቃደኛ አልሆነም።

በ1978 ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር ማንጋኒዝ በመስጠት በውሾች ልብ ውስጥ ደም ያጣውን ክፍል ከጤናማው ለመለየት እንደሚቻል አሳዩ። በዚህ ጸሐፊ ግምት ለጉበት ምርመራ ከግራዲየንት ቀጥሎ ትልቁ ውርሳቸው ይህ ነው። ማንጋኒዝ በጉበት በኩል ወደ ሐሞት የሚወጣ በመሆኑ፣ ኋላ ማንጋፎዲፒር የተባለ የጉበት ማጉያ ተሠርቶበታል፤ ዛሬ ከገበያ ወጥቷል። አሁን የሚሠራበት የጋዶሊኒየም ውሁድ ጋዶክሴቲክ አሲድም በተመሳሳይ መንገድ ይሄዳል። ከተወጋ 20 ደቂቃ ያህል በኋላ ጤናማው ጉበት መድኃኒቱን ስቦ ይነጣል፤ የጉበት ሕዋስ የሌለው፣ ከሌላ አካል የተሠራጨ ካንሰር ግን ጠቁሮ ይቀራል።

በ2003 የኖቤል የሕክምና ሽልማት ለላውተርበርና ለእንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድ ሲሰጥ ዳማዲያን በጋዜጦች ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አውጥተው ተቃወሙ። ቅሬታቸው ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አልነበረም፤ ዕጢ በዚህ ልኬት እንደሚለይ አስቀድመው ያሳዩት እርሳቸው ናቸውና። ሆኖም ልኬቱን ወደ ምስል የቀየረው ግራዲየንት ነው፤ ይህም የላውተርበር ነው።

ላውተርበር ከ1985 ጀምሮ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ አገለገሉ። በመጨረሻ ዓመቶቻቸው ወደ ኬሚስትሪ ተመልሰው የሕይወትን አመጣጥ ሲያጠኑ ቆይተው፣ መጋቢት 27 ቀን 2007 በኧርባና በ77 ዓመታቸው በኩላሊት በሽታ አረፉ።