ከሀዋርድ የተገኘ ወገን

ሰሞኑን ላንቻ ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ አሜሪካ ሊሄድ የተሰናዳ ጓደኛችን ስለሚገባበት የግል ዩኒቨርሲቲ ዝናና ሕንጻ አጫወተን፤ አብረውት ስለሚማሩት ሰዎች ግን አላነሣም። በዚህ ጊዜ ዶክተር መላኩ በያን ትዝ አሉን።

በ1892 ዓ.ም. ወሎ ተወልደው ሐረር ያደጉት መላኩ፣ መጀመሪያ ለትምህርት የተላኩት ወደ ሕንድ ነበር። ኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግረው ኦሃዮ ውስጥ በመስኪንገም ኮሌጅ ተማሩ። ሕክምናን ያጠኑት ግን ዋሽንግተን፣ በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሀዋርድ የጥቁሮች መማሪያ ነበረ፤ ከካሪብያን ደሴቶችና ከምዕራብ አፍሪካም ተማሪ ይመጣበታል። የቤተ መንግሥት ሰው የሆነ ኢትዮጵያዊ በዚያ ዘመን ከነዚህ ሰዎች ራሱን ለይቶ፣ እንደ እንግዳ ተከብሮ መኖር ይችል ነበር። መላኩ ይህን አልወደዱም። ወገኖቼ ብለው ገቡ፤ ጥቁር አሜሪካዊቱን ዶሮቲ ሃድሊንም አገቡ።

በ1927 ዓ.ም. ሐኪም ሆነው ተመረቁና ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ጦርነቱ ሲነሣም በኦጋዴን ግንባር ቁስለኛ አከሙ። የሀዋርዱ ወዳጅነት ዋጋው የታወቀው ጠላት አገራችንን ከያዘ በኋላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እንደገና ወደ አሜሪካ ላኳቸው፤ በ1929 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋሙ፣ የኢትዮጵያ ድምፅ የተባለ ጋዜጣም አወጡ። ለስደተኞቻችን ሳንቲም ያዋጡ የነበሩት፣ በገዛ አገራቸው መብት የተነፈጉ ጥቁሮች ነበሩ።

መላኩ በ1932 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ በ40 ዓመታቸው፣ እዚያው አሜሪካ በሳንባ ምች ዐረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት በዓመቱ ነው።