ቢላል እና የማስሎው እርከን

በጉና ብርድ ለፈጅር የሚቀሰቅሰንን አዛን መጀመሪያ ያሰማው ቢላል ኢብን ረባሕ (ረ.ዐ) ነው። እናቱ ሐማማ ሐበሻ ነበረች፤ እሱም መካ ውስጥ የኡመያ ኢብን ኸለፍ ባሪያ። ሲሰልም በጠራራ ፀሐይ፣ በጋለ አሸዋ ላይ አስተኝተው ደረቱ ላይ ቋጥኝ ጫኑበት። እምነቱን ቢክድ ውኃም ጥላም ያገኝ ነበር፤ እምቢ አለ። አቡበክር (ረ.ዐ) ገዝቶ ነጻ አወጣው።

በሳይኮሎጂ ኮርስ የተማርነው የማስሎው የፍላጎት እርከን ከረሃብና ከጥማት ተነሥቶ፣ በደኅንነት፣ በፍቅርና በክብር አልፎ ወደ ላይ ይወጣል። ቢላል ግን ታችኞቹን ሁሉ ተነፍጎ ላይኛውን ያዘ። ማስሎው ራሱም እ.ኤ.አ. በ1943 ጽሑፉ፣ ለዓላማቸው ሁሉን የሚተዉ ሰዎች ከዚህ ቅደም ተከተል እንደሚወጡ አምኗል (ፈተና ላይ ባይመጣም!)።

በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ መካ ስትከፈት፣ በተሠቃየባት ከተማ፣ ካዕባ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አዛን አደረገ። ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሞት በኋላ ወደ ሻም ሄዶ እዚያው አረፈ።