ጣሊያን ያልያዘው አርበኛ በገመድ ሞተ፦ የበላይ ዘለቀ ፍርድ

ከፈረስ ቤት እስከ ቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ደንበጫ የበላይ ዘለቀን ስም ያልሰማ ልጅ የለም። ሠርግ ላይ ይፎከርበታል፣ በቀረርቶ ይነሳል። ጀግንነቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለ ፍርዱ ግን ብዙም አናወራም። ዛሬ እሱን እንየው።

በላይ የተወለደው በ1904 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባቱ ባሻ ዘለቀ ላቀው የልጅ ኢያሱ አሽከር ነበር። ኢያሱ ከሥልጣን ከወረደ በኋላ አባትየው ከመንግሥት ሰዎች ጋር ተጋጭቶ ተገደለ። ልጁ ያደገው ይህን ቂም ይዞ ነው፤ ጎልምሶም ሸፈተ።

ጣሊያን በ1928 ሲገባ ሽፍታው አርበኛ ሆነ። ቢቸናንና ዙሪያውን ይዞ አምስት ዓመት ተዋጋ። በእኛ በኩል በዳሞትና በቡሬ እነ ነጋሽ በዛብህና መንገሻ ጀምበሬ ሲዋጉ፣ በምሥራቅ በኩል አባ ኮስትር በላይ ነበር። ለተከታዮቹ ማዕረግ የሚሰጠው ራሱ ነው። አንተስ ምን እንበልህ ሲሉት እናቱ ያወጣችለት በላይ የሚለው ስም እንደሚበቃው መለሰ ይባላል።

በ1933 ንጉሡ በቡሬ አድርገው ደብረ ማርቆስ ገቡ። ነፃነቱ መጣ፣ ሹመትም ተከፋፈለ። በላይ ደጃዝማች ተብሎ ቢቸና ተሰጠው። አምስት ዓመት ሙሉ ለደማ ሰው ይህ አነሰው። ከመንግሥት ጋር ተቃቃረ፣ መሣሪያ አንስቶ ገጠመ፣ በመጨረሻ እጁን ሰጥቶ አዲስ አበባ ላይ ለፍርድ ቀረበ።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። በ1923 የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ማንም ሰው ያለ ሕግ እንዳይታሰር፣ በፍርድ ቤት የመዳኘት መብቱም እንዳይነፈግ ደንግጎ ነበር። ግን በጦርነት ወይም በአገር መከራ ጊዜ እነዚህ መብቶች የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን አያግዱም የሚል አንቀጽም አለው። በ1934 ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ተደራጅተዋል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የዙፋን ችሎት ነበር። በላይ የሸፈተው በንጉሡ ላይ ነው፣ የሚምሩትም ንጉሡ ናቸው። ከሳሽም፣ የመጨረሻ ዳኛም፣ መሐሪም አንድ ደጃፍ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

የሞት ፍርድ ተፈረደበት። ከዚያ ውለታው ታስቦ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተቀነሰለት። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ዛሬ ሌላ ታሪክ እናወራ ነበር። በላይ ግን ከእስር ቤት አመለጠ። ወደ ጎጃም ሲገሰግስ ዓባይን ሳይሻገር ተያዘ፤ ቀርቶለት የነበረው ሞትም ተመልሶ መጣ። ጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ወንድሙ እጅጉም አብሮት ተሰቀለ። ሌላው አብሯቸው የተሰቀለው ልጅ ማሞ ኃይሉ ግን ለጣሊያን ያደረ ሰው ነበር። አርበኛውና ባንዳው አንድ ዕጣ ደረሳቸው፤ የጎጃም ሰው እስካሁን የሚያንገበግበው ይሄ ነው።

መንግሥትም የራሱ ምክንያት ነበረው። ገና ከጦርነት የወጣ አገር ነው፣ ጦር ያነሳበትን ዝም ቢል ነገ ሌላው ይነሳል። ይህን አንክድም። ግን የጥፋቱ መጠንና የውለታው ክብደት ከዙፋኑ ነፃ በሆነ ዳኛ ፊት ቢመዘን ኖሮ ገመዱ ይመጣ ነበር ወይ?

ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል፣ አዲስ አበባም መንገድ አለው። በሥራ ላይ ያለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ለተከሰሰ ሰው ጠበቃና ይግባኝ ፈቅዷል፤ የሞት ፍርድም የአገሪቱ ርዕሰ ብሔር ሳያጸድቀው አይፈጸምም። በላይን በፉከራ ብቻ ሳይሆን በዚህም እናስታውሰው፦ ነፃ ዳኛ ለጀግናም ያስፈልገዋል፣ ለጥፋተኛም።